የመሪው ስፋትና የትከሻዬ ልክ

ማክሰኞ

ዛሬም እጄ ደነዘዘ። ከጎተራ በብስክሌት ስመለስ ጣቶቼ ፍሬን መያዝ አቅቷቸው ከአንድ ሚኒባስ ኋላ ልለጠፍ ምንም አልቀረኝም። እሁድ የብስክሌት ክለቡ አሰልጣኝ ተወዳድረን ስንጨርስ ያለፉትን ስም ይጠራል። እኔ በዚህ እጅ የት እደርሳለሁ?

ቡልጋሪያ ሰፈር ያለው ብስክሌት ጠጋኝ ሰለሞን አየኝና ሳቀ። ብስክሌቱ የወንድሜ ስለነበር መሪው ለእሱ ትከሻ የተገዛ ነው፣ አርባ አራት ሴንቲ። ክንፉን የዘረጋ አሞራ መስለሻል አለኝ። የመሪው ስፋት ከትከሻዬ ስፋት ጋር መግጠም አለበት፣ ተለክተሽ ነይ አለ። መድኃኒቱ ይሄ ከሆነማ!

ረቡዕ

ሜትር ያለው ማን ነው? ካዛንቺስ፣ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጋሽ ኃይሉ። ብስክሌት ካልኩ ስለ መኪናው ብዛት ሲመክሩኝ ይመሻል፤ ስለዚህ ትከሻዬን ይለኩልኝ ብቻ አልኩ። በሹራቤ ላይ ለኩ፣ ትንሽ አሰቡ፣ አርባ ሁለት አሉ። በቃ፣ ታወቀ! እየዘለልኩ ወጣሁ።

ዓርብ

ትናንት ሰለሞን አርባ ሁለቱን ገጠመልኝ። ዛሬ ሞከርኩት፤ ወሎ ሰፈር ስደርስ ያው ድንዛዜ። ተናደድኩ። ምናልባት የማልረባው እኔ እሆናለሁ።

ብስክሌቱን እየገፋሁ ስመለስ ጋሽ ኃይሉ ከበራቸው ጠሩኝ። ጨርቁን መቼ ነው የምታመጪው? የምን ጨርቅ? የኮቱ ነዋ! ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

"ልጄ፣ ትከሻሽ ሠላሳ ስምንት ነው። አራቱን ኮቱ እንዳይጠብሽ ብዬ ነው የጨመርኩት።"

ምክሩም አልቀረልኝም። ግን ማን ሰማ? ለሰለሞን እየደወልኩ ነበር።

ቅዳሜ

ሰለሞን እያጉረመረመ ሠላሳ ስምንቱን ገጠመ። መጀመሪያ እጄን ሰብስቤ የተቀመጥኩ መሰለኝ። መስቀለኛ መንገዱ ጋ ስደርስ መሪውን ረሳሁት! ግን አጭር መንገድ ነው፣ አላመንኩትም። እንቅልፍ እንጃ።

እሁድ

የውድድሩ ዳገት ላይ ጣቶቼን እያንቀሳቀስኩ እፈትሻቸው ነበር። ሁሉም አሉ። አንደኛ አልወጣሁም፣ መሃል ላይ ነኝ። ተሰልፈን ቆምን፣ ስም መጠራት ተጀመረ፤ ስሙ የተጠራ እጁን ያውጣ ተባለ። ብዙ ስም አለፈ።

ከዚያ የእኔ ተጠራ። እጄን አወጣሁ፣ ጣቶቼን ዘርግቼ። አንዱም አልደነዘዘም።

ነገ ለጋሽ ኃይሉ ጨርቅ እወስዳለሁ። ኮቱ አርባ ሁለት ይሁን።