«ጫጩቶቹስ ንጹሕ ናቸው» ላሉኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ለቀድሞው መምህሬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ ዶሮዎቼ ጤና አጥተው ስለከረሙ የእነሱም ድርሻ ለእርስዎ ይድረስ። በዶሮ እርባታ ሥልጠናዎ አዳራሽ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ቃልዎን አንድ በአንድ በደብተሬ የገለበጥኩት ሴት ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ሰባት ጊዜ ከበርዎ ተመልሼ የጸሐፊዎን ትሕትና ስለጠገብኩ ነው፤ ምስጋናዬንም በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጽዳት ትምህርትዎ አመሰግናለሁ። ከጽሕፈት ቤትዎ የጫጩት ማስፈልፈያ የወሰድኳቸው የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ነጭ እያስቀመጣቸው፣ ክንፋቸውን ጥለው ማለቅ ሲጀምሩ ጥፋቱ የአንቺ ነው አሉኝ፤ አመንኩዎት። ቤቱን አጠብኩ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ፣ ሰጋቱራውን አቃጠልኩ፣ የአይጡን ጉድጓድ በሲሚንቶ ደፈንኩ፣ ባለቤቴን እንኳ ጫማውን ሳይቀይር አላስገባውም ነበር። የተረፉት አድገው እንቁላል ሲጥሉ ደስ ብሎኝ ሁለተኛ ዙር ጫጩት አስመጣሁ፤ በሳምንቱ ያው ተቅማጥ መጣ። ነገሩ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። ምናልባት ጫጩቶቹ በሽታውን ከማስፈልፈያው ይዘውት መጥተው ይሆን ወይ ብዬ በትሕትና ስጠይቅዎ፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ «አንቺ እጅሽን ታጠቢ እንጂ ጫጩቶቹስ ንጹሕ ናቸው» አሉኝ። ወጥቼ እጄን ታጠብኩ።

ሁለተኛ፣ ስላዘዙልኝ መድኃኒት። በየዙሩ ያንኑ አንድ ጸረ ባክቴሪያ ከውኃቸው ጋር እንድቀላቅል፣ ሞቱ ጋብ ሲል እንዳቆም፣ ለጤነኞቹም ለጥንቃቄ ጥቂት ጥቂት እንድሰጥ መከሩኝ፤ ሳላጓድል ፈጸምኩ። ነገሩ የገባኝ የጽሕፈት ቤትዎ የላቦራቶሪ ባለሙያ ቤቴ መጥታ የመጠጫውን ቧንቧ በቢላዋ ሰንጥቃ ውስጡን የለበሰውን የሚያዳልጥ አተላ ስታሳየኝ ነው። ጀርሙ እዚያ ሥር ተሸሽጎ፣ የምቆነጥርለትን መድኃኒት እየለመደ፣ የሚመጣውን ጫጩት ሁሉ ይጠብቅ ኖሯል። እኔ ግድግዳ ስቀባ ከረምኩ።

ሦስተኛውን እንዴት እንደማመሰግንዎ አላውቅም። እንቁላሉን የምትለቅመው እናቴ ነበረች። ትኩሳትና ተቅማጥ ሲጥላት የተሰጣት መድኃኒት አልያዘላትም። በአራተኛው ቀን ዓይኗ ጎድጉዶ በሟች እህቴ ስም ጠራችኝ፤ እኔም አቤት አልኳት። ሐኪሙ ያመማት ጀርም ከዶሮዎቼ ጋር አንድ እንደሆነና መድኃኒቱን እንደለመደ ነገረኝ። ሌላ መድኃኒት ተገኝቶ ተረፈች፤ ዛሬ ግድግዳ ተደግፋ ትራመዳለች። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ምግቧን ሳቀርብላት ግን በምክርዎ መሠረት እጄን ደጋግሜ እታጠባለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ምስጢር ጠባቂነትዎ። ባለሙያዋ ቧንቧውን ያሳየችኝ ዕለት፣ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ሌላም ነገር ነገረችኝ። በማስፈልፈያው ያሉት እናት ዶሮዎች ሳልሞኔላ የሚባለው ይኸው ጀርም እንዳለባቸው የሚገልጸውን ውጤት ሁለተኛው ዙር ሊመጣልኝ አንድ ወር ሲቀረው በእጅዎ ሰጥታዎት፣ ፈርመው ተቀብለዋል። ጫጩት እንዳያጥር ብለው መሳቢያ ውስጥ አኖሩት። «እጅሽን ታጠቢ» ሲሉኝ ወረቀቱ ከጉልበትዎ በላይ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ለእኔም በጽዳት ጉድለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉልኝ። በሽታው አንድ ጊዜ ገደለኝ፤ እርስዎ ግን አመድ አፋሽ አደረጉኝ።

የቀሩትን ዶሮዎች አስወግጃለሁ፤ ቤቱ ጭር ብሏል። አዲስ ቧንቧ ዘርግቻለሁ። የእናት ዶሮዎቹን የምርመራ ወረቀት በዓይኔ ሳላይ ግን ከእንግዲህ ከማንም አንዲት ጫጩት አልቀበልም። ከትምህርትዎ ሁሉ የጠቀመኝ ይኸው ነው።

ቃልዎን ያለ ጥርጥር በማመኗ ዛሬም የምታፍር፣

አክባሪዎ የዶሮ አርቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቤትዎ በየሳምንቱ ከእኔ ይወስድ የነበረውን እንቁላል ያቆመው ያንን ውጤት በፈረሙበት ሳምንት ነው። ባለቤትዎ ሐኪም እንቁላል ስለከለከለን ነው ብለውኝ ነበርና፣ እኔ የዋሂቱ ምሕረቱን ያውርድላችሁ ብዬ ጸልዬላችኋለሁ።