ከበሮዎቹ እንዳያረጁ ስለተደረገልን ጥንቃቄ

ለተከበሩ የልጄ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ ከበሮ ሲመታ ይነሣብዎት የነበረው ራስ ምታት ለቆዎት ከሆነ፣ የእኔና የቤተሰቤ ደስታ ወሰን የለውም፤ ምን እንዳስከፈለ እናውቃለንና። እኔ ከግቢዎ አጥር ወዲያ አልጋና ወንበር የምሠራው አናጺ ነኝ፤ በትምህርት ቤቱ የከበሮ ጓድ ውስጥ ትልቁን ከበሮ የምትመታዋ ልጅ አባት። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ እርስዎ የወቀሱኝ በሰው ፊት ስለነበር፣ ምስጋናዬም በጓዳ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ከበሮዎቹ ነው። ልጆቹ ለዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር መለማመድ በጀመሩ ሰሞን፣ የሙዚቃው ክፍል ከቢሮዎ ሥር መሆኑ ቢከብድዎ፣ ከበሮዎቹን «ከውድድሩ በፊት እንዳያረጁ» ብለው ዕቃ ቤት አስገብተው አስቆለፉባቸው። የሙዚቃ አስተማሪዋ ልጆቹ በምን ይለማመዱ ብላ ብትጠይቅዎ፣ «ልምምድ አልከለከልኩም፤ የከለከልኩት ድምፅ ነው» ብለው ግልጽ መመሪያ ሰጧት። እሷም ምን ታድርግ፤ ልጆቹን ደረጃ ሥር ሰብስባ፣ በሹክሹክታ እየቆጠረች፣ በመዳፋቸው ጭናቸውን እየመቱ እንዲለማመዱ አደረገች። የእኔ ልጅ ደግሞ የያዘችውን የማትለቅ ናት። የትልቁ ከበሮ ምት በመዳፍ አልመጣ ቢላት፣ ሌላው ሳያያት፣ ሳይቆለፍበት በቀረው የከበሮ ዱላ ጭኗን ትመታ ጀመር።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ራሴ ነው። የስፖርት አስተማሪው ልጄ ቁምጣ ለብሳ ስትሮጥ ጭኗ በልዞ አይቶ ለእርስዎ ማመልከቱ ደግ ሥራ ነው፤ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። እርስዎም «ማነው የመታሽ?» ብለው ጠየቋት። የሙዚቃ አስተማሪዋን ላለማስቀጣት «ማንም» አለች። ፈርታ ነው ብለው ደመደሙና እኔን ከሥራዬ አስጠሩኝ። ባለቤቴና ሦስት አስተማሪዎች በተቀመጡበት፣ የመጋዝ ብናኝ ከልብሴ ሳላራግፍ ቆሜ፣ «ኑሮው ከመዶሻ ጋር የሆነ ሰው አንዳንዴ እጁን መቆጣጠር ሊያቅተው ይችላል» የሚለውን ምክርዎን ሰማሁ። «ልጄን ነክቼ አላውቅም» አልኩ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አሉኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ባለቤቴ እርስዎን አመነች አልልም። እኔንም አመነችኝ አልልም። ቤት እንደገባን የልጅቷን ልብስ ሰብስባ፣ «እስኪጣራ እህቴ ጋ ትሁን» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ራት ስንቀርብ ዓይኗ የሚያርፈው እጄ ላይ ነበር። የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ጠረጴዛ ላይ ባኖረው ይከብዳል፤ ከጠረጴዛ ሥር ባደርገው የደበቅሁት ይመስላል። ሥራ ቤቴም ሚስማር ስመታ ጎረቤት ሰምቶ አንድ ነገር የሚል እየመሰለኝ ቀስ እል ጀመር። እንግዲህ ጸጥታ ያስከበሩት በትምህርት ቤቱ ብቻ ሳይሆን በሰፈራችንም መሆኑን ይወቁልኝ።

ነገሩን ያወጣችው የባለቤቴ እህት ናት። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ከገባችበት ክፍል ጠፍ ጠፍ የሚል ድምፅ ሰምታ በሩን ብትከፍት፣ ልጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ በሁለት የእንጨት ማንኪያ ጭኗን ትመታለች።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ!» ብትላት፣ «አክስቴ፣ ውድድሩ ደረሰ እኮ» አለቻት።

አክስቷ ወዲያው ደወለችልን። «መቺዋን ይዣታለሁ» አለች። ያየችውንም ነገረችን። ባለቤቴ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ በሌላው እጇ እጄን አፈፍ አድርጋ ያዘችኝ፤ ለረጅም ጊዜም አልለቀቀችኝም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ እውነቱን ልንነግርዎ በመጣን ቀን ስላደረጉልን አቀባበል ነው። «ታዲያ ልጅቷ ያኔውኑ ለምን አልተናገረችም?» ብለው ጥፋቱን ሁሉ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በማሸከምዎ፣ እኛ ትልልቆቹ ቀለል ብሎን ወጣን። በሰው ፊት የተባለብኝን በሰው ፊት ያንሡልኝ ብዬ ብለምንዎ፣ ስብሰባ እንዳለብዎ በትሕትና ገለጹልኝ።

ከበሮዎቹ ለልጆቹ የተሰጡት በውድድሩ ዕለት ጠዋት ነበር፤ እውነትም አንዳቸውም አላረጁም። አዳራሹ ሞልቶ፣ እርስዎም ከፊት ተቀምጠው፣ ልጆቹ ጀመሩ። ከዳኞቹ አንዱ ጥቂት ከጠበቀ በኋላ «ልጆች፣ ዝግጁ ስትሆኑ ጀምሩ» አላቸው። ልጆቹ ግን የመጀመሪያውን ክፍል ጨርሰው ሁለተኛው ላይ ነበሩ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ልጄን አየኋት፤ ከበሮውን እንደሚያመው አድርጋ ነበር የምትመታው፤ ዱላው ባረፈ ቁጥር ራሷ ትሸማቀቅ ነበር። መጨረሻ ወጡ። ወደ ቤት ስንመለስ «አባዬ፣ ጮክ አድርጎ መምታት እኮ ጠፋን» አለችኝ። እርስዎ ግን በማግስቱ ሰልፍ ላይ «የዝግጅት ማነስ ነው» ብለው ለተማሪዎቹ ሁሉ አስረዱልን።

ዕድሜ ከጤና ጋር፣ ዕረፍትም ከፍጹም ጸጥታ ጋር እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ልጅ መቺ የሚል ማዕረግ ከእጅዎ ተቀብዬ እስካሁን ያልተሻረልኝ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

የትልቁ ከበሮ መቺ አባት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ እንዳበቃሁ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሥራ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «ርእሰ መምህሩ ይቅር ብለውሃል፤ ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ ብለዋል» አለኝና የምሥራች እንደነገረ ሰው ፊቴን እያየ ቆመ። ይቅርታዎ ለአንድ አናጺ እጅግ ስለበዛብኝ፣ የልጆቹ ወላጆች ሁሉ እንዲካፈሉት ይህን ደብዳቤ በየሰዉ ቤት እያደረስኩ ነው።