የማይሞላ ባልዲ

ኅዳር 4 ቀን

ውድ እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አንድ የማውቀው ነገር አለ፤ በስልክ ልነግርሽ አፌ እምቢ አለኝ። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት? እህል ትቀምሳለች? እንቅልፍ ይወስዳታል? እውነቱን ጻፊልኝ። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ።

ሥራው ያው ነው። ላውንደሪው ውስጥ አክስቴ ትተኩሳለች፣ እኔ አጥፋለሁ። ቋንቋቸውን ገና ስላልለመድኩ የምኖረው በጆሮዬ ነው። ቁልፍ ቅጭል ቅጭል ካለ ባለቤቲቱ ተቆጥታ እየመጣች ነው። የታክሲው ረዳት በሩን በሳንቲም ሁለቴ ከመታ መውረጃችን ደርሷል። ሠራተኞቹ አንድ ስም አውጥተውልኛል። ምን ማለት ነው ብዬ አክስቴን ብጠይቃት "ዲዳዋ ማለት ነው" ብላ ሳቀች። አባዬ "ጭጭ" ብሎ ያወጣልኝ ስም ያለ ፓስፖርት ድንበር ተሻግሮ ተከተለኝ ማለት ነው።

ጆሮ ብቻ ሲቀርሽ ግን እታለም፣ ብዙ ትሰሚያለሽ። እሁድ እሁድ ስትደውሉልኝ ከድምፅሽ ኋላ የአባዬን የስፌት መኪና እሰማት ነበር። ጢቅ ጢቅ ጢቅ ትልና ሲጥ ትላለች። "ዘይት ከቀመሰች ትሰንፋለች" እያለ አልቀባም ያላት መኪና። ይኸው አራት እሁድ ሆነኝ፣ አልሰማኋትም። በመጀመሪያው "ለቅሶ ሄዷል" አልሽኝ። በሁለተኛው "ተኝቷል" አልሽ፤ ቀን የሚተኛን ሰው "ሐኪም ይየው" የሚለው አባዬ! በሦስተኛው ጉሮሮውን ስላመመው መናገር አይችልም አልሽኝ። ታዲያ የሚሰፋው በጉሮሮው ነው እንዴ? ልልሽ ነበር፣ ግን ጭጭ አልኩ።

ባለፈው እሁድ ስለ ዝናቡ ስናወራ "አባዬ እንዲህ ያለ ዝናብ ደስ ይለው ነበር" አልሽ። ቶሎ ብለሽ ደግሞ "ደስ ይለዋል" አልሽ። እኔም "አዎ፣ ደስ ይለዋል" አልኩሽ። ያቺን "ነበር" ግን እስከ ዛሬ እየሰማኋት ነው።

አልተቀየምኩሽም። በሰው አገር መርዶ እንዳልሰማ ብላችሁ ነው፤ ይገባኛል። ግን ሰማሁት፣ ያውም ብቻዬን። አክስቴም ብቻዋን ናት። የአባዬ እህት አይደለችም? ከሥራ እንደገባን መታጠቢያ ቤት ትገባና ቧንቧውን ትከፍታለች። ባልዲ እየሞላ ሲሄድ የውሃው ድምፅ ይቀጥናል፤ የእሷ አይቀጥንም። ዝም ብሎ ይፈሳል። አንድ ኩባያ ውሃ ስደፋ የምትቆጣኝ ሴት! ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ "ሳሙና ገባብኝ" ትለኛለች። አራት ሳምንት ሙሉ ሳሙና። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ሳዳምጥ እቆይና፣ ልትወጣ ስትል ሮጬ ልብስ የማጥፍ እመስላለሁ። እሷ ለእኔ ብላ ትደበቃለች፣ እኔ ለእሷ ብዬ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ሁልጊዜ በአጥር በኩል ለምትጣራው ጎረቤታችን፣ ድምፅዋ ናፍቆኛል በያት። ትንሿን እህታችንን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚያት፤ ስልኩን ስትነጥቅሽ እንዳትከለክያት። ለአባዬ ሰላምታ የምጽፍባት መስመር እዚህ ጋ ነበረች። መኪናዋን አደራ፣ ዘይት እንዳትቀቡብኝ።

ነገ ከሥራ ስንገባ አክስቴ ቧንቧውን ስትከፍት ውጭ ቆሜ አላዳምጥም። አንኳኩቼ እገባለሁ። ውሃውን እዘጋና "አውቄያለሁ" እላታለሁ። ከዚያ ድምፃችንን አውጥተን እናለቅሳለን።

ታናሽሽ ጭጭ