ፎቶው ላይ ያልነበርኩበት ምክንያት

ለእህቴ ለባንቻየሁ፣ ድሬዳዋ

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን ቻለልሽ? ጋሼ ልደቱን ሳሉ ለቀቃቸው ወይ? የድሬ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ክንዴ ሰሜን ተራራ ቡይት ራስ ድረስ እየወጣ ለእንግዶች በቅሎ መጫኑን አልተወም፤ ወገቤን ይላል፣ ጠዋት ግን ከሁሉ ቀድሞ ይነሳል። ዝናቡ ዘግይቶ ማሳው ታርሶ ይጠብቃል።

በስልክ ስትቆጪኝ ዝም ያልኩት ቤቱ በሰው ተሞልቶ ስለነበር ነው። የልጄ የእስከዳር ልጅ ክርስትና ስትነሳ አማቼ አለምነህ የላከልሽን ፎቶ አይተሽ፣ የእነሱ ወገን ሁሉ ተደርድሮ አያቲቱ የት ሄደች፣ ከልጅሽ ተጣልተሻል ወይ ብለሽኝ ነበር። መልሱ በወንድ ፊት የሚወራ አይደለም። ጎረቤታችን ሹፌሩ አንዱዓለም ወደ እናንተ እንደሚወርድ ስሰማ ወረቀት አነሳሁ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ የወር አበባዬ ተዛብቷል። ሙቀት ድንገት ከደረቴ ይነሳና አንገቴንና ፊቴን ያነደዋል፤ ላብ ያጠምቀኛል፣ ወዲያው ብርድ ይከተላል። ደባርቅ ላይ ሞቀኝ ብዬ ለድሬዳዋ ሰው መጻፌ እንደሚያስቅሽ አውቃለሁ። ግን የዘንድሮ የሚያዝያ ፀሐይ ሲጨመርበት መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። ክንዴ መጀመሪያ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ አጠጣኝ። ቀጥሎ ለሠርግ ሊማሊሞን ወርደን ቆላው ዛሪማ ሰንብተን ስለነበር፣ ወባ ነው ብሎ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ደሜ ታየ፣ ወባ የለም። ነርሷ እሱን ከውጭ አስቀምጣ ጠያየቀችኝና እያረጥሽ ነው አለችኝ። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጪ፣ በርበሬና ቡና ቀንሺ፣ ስስ ልብስ ልበሺ፣ ደሙ ከበዛብሽ ተመለሺ ብላ ሸኘችኝ። ክንዴ ምን አለችሽ ሲለኝ ፀሐይ አትውጪ አለችኝ አልኩት። እሱም አምኖ ጥላ ገዛልኝ።

የከፋው ግን ሙቀቱ አይደለም። ደሙ ሲያሻው ይጠፋል፣ ሲያሻው ሳይጠራ ይመጣል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን መግባቱ ተምታታብኝና እሁድ እሁድ ከደጀ ሰላሙ ውጭ፣ ከግንቡ ስር መቀመጥ ለመድኩ። ለክርስትናው እገባለሁ ብዬ ነበር፤ ደሙን ከሁለት ወር በላይ አላየሁትም ነበር። በዚያው ጠዋት፣ ነጠላዬን ከለበስኩ በኋላ መጣ።

እስከዳርን ትንሽ አሞኛል፣ እኔ ከውጭ እሆናለሁ አልኳት። አማቶቿ ከበዋት ሌላ ምን ልበል? እሷ እንደሆነ አያት ከሆኑ ወዲያ ይህ ነገር ያለ አይመስላትም። በድግሱም ሸራው ሥር እሳት ሲሆንብኝ ደጋግሜ ወጣሁ፣ ወጡንም በበርበሬው ምክንያት አልነካሁም። አለምነህን ስታገባ ትምህርትሽን ጨርሺ ብዬ መከራከሬን ታስታውሺያለሽ። ሁሉንም ከዚያ ጋር አገናኘችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷን ይዛ መምጣት ተወች። ይህ ከሙቀቱ ይልቅ አቃጠለኝ፣ እታለም። ሄጄ እንዳልነግራት ደግሞ አፈርኩ።

አንድ ቀን ቤታችን የቀረ የልጅ ልብስ ልትወስድ መጥታ፣ ጓሮ ሆኜ በጀሪካን ውሃ አንገቴ ላይ ሳፈስ አገኘችኝ። ደነገጠች። ነገርኳት፤ ፊቷን ሳላይ ነው የነገርኳት። አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ልጄን የጠላሽብኝ መስሎኝ ነበር» አለች።

ያለፈው እሁድ እንደ ልማዴ ከግንቡ ስር ነበርኩ። እስከዳር ልጇን አዝላ መጣችና ከጎኔ ተቀመጠች። ቅዳሴው ሊጀመር ነው፣ ግቢ እንጂ አልኳት። ዛሬ እዚሁ ነኝ አለች፤ ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ታራግብልኝ ጀመር። የሚገቡት ሴቶች እሷም እንደኔ የሆነች ሳይመስላቸው አልቀረም፤ ግድም አልሰጣት። እናታችን በኋለኛ ዕድሜዋ ሁለት በጋ ሙሉ እዚያው ቦታ ስትቀመጥ፣ ከቄሱ ተኳርፋ ነው ይባል እንደነበር ትዝ አለኝ። እሷ ግን ብቻዋን ነበረች።

አንቺ ይህን አልፈሽዋል። በዚያ ሁሉ ሙቀት እንዴት ቻልሽው? ሳታፍሪ ጻፊልኝ።

ጋሼ ልደቱን ጉልበት ሳሚልኝ። ያርጋልን ከነልጆቿ፣ ጎረቤትሽን ፋንታዬንም ሰላም በይልኝ። ክንዴ ከነጥላው ሰላም ብሎሻል፤ እስከዳርና አለምነህም እንዲሁ። ትንሿ ሙሉወርቅ ገና አፍ አልፈታችም እንጂ ስምሽን እነግራታለሁ።

ቅዳሴው አልቆ አለምነህ ሲወጣ ሦስታችንን በስልኩ አንስቶን ነበር፤ አሳጥቤ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የት ነበርሽ ላልሽኝ፣ እዚያ ነበርኩ፣ ከግንቡ ስር።

እህትሽ ዘርፈሽዋል
ደባርቅ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.