ለጽዮን ያልነገርኳት ቀዳዳ

አል ዓይን፣ ጥቅምት 2014 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ጽዮን፣

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ እንዳትደነግጪ፤ ሰላም ነኝ፣ ሥራም አለኝ። በስልክ ልነግርሽ ስንቴ እንደሞከርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። «ሃሎ ቦጌ» ስትዪኝ ስለ ሙቀቱና ስለ ጤናሽ ጠይቄሽ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ በእጄ ልጻፈው አልኩ። ስታነቢው ፊትሽን አላይም፤ ይህም ራሱ ፈሪነት መሆኑ አልጠፋኝም።

የምነግርሽ ስለ ካቢኑ ነው።

ሚያዝያ 2012 ላይ ሥራውን ያመጣሽልን አንቺ ነበርሽ። አቡ ዳቢ ያለው ክሊኒካችሁ የኮቪድ ናሙና የሚወሰድበት ካቢን ፈልጎ፣ ከውጭ ይመጣል የተባለው ሲቀር፣ ለአለቃሽ «ወንድሜ አል ዓይን ብረታ ብረት ቤት በያጅ ነው፤ ስዕል ብቻ ስጡት» አልሻት። አሠራሩን አንቺ ራስሽ ነበርሽ በስልክ ያስረዳሽኝ። ነርሷ መስታወት በሚመስል ፕላስቲክ በተዘጋ ካቢን ውስጥ ትቆማለች፤ እጆቿን በሁለት ክብ ቀለበቶች አሳልፋ ረጅም የጎማ ጓንት ውስጥ ታስገባለች፤ ታካሚው ከውጭ ይቆማል። ጣሪያው ላይ ያለው ፋን ደግሞ የተጣራ አየር ወደ ውስጥ ይገፋል።

የፋብሪካዎቹ ሰፈር ሰናይያ ያለው ወርክሾፓችን እስከዚያ ድረስ የሚሠራው የግቢ በር፣ የመኪና ተጎታችና የተሰበረ የፓምፕ ዘንግ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሠርተን አናውቅም። ያን ሰሞን ሥራ ጠፍቶ አለቃችን ሙዲሩ ከስድስታችን ሁለቱን ሸኝቷቸዋል። ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲወጡ በማስክ የተሸፈነ ፊታቸውን እንኳ በደንብ አላየሁትም። የቀረነው ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተሰልፈን፣ ያ የሙቀት መለኪያ ግንባራችን ላይ ሲደገን ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር። ትኩሳት የተገኘበት ወደ ማቆያ ይሄዳል፤ ከዚያ ተመልሶ ሥራውን ያግኝ አያግኝ ማንም አያውቅም።

አብዱረሂምን ታስታውሺዋለሽ፣ «ነርሷ እህቴ ደህና ናት?» እያለ ስልኬን የሚቀማኝ የኮምቦልቻው ልጅ። ቀለበቶቹን በቶርኖ ያወጣቸው እሱ ነው፤ እንደ ብርሌ የሚያበሩ ሆነው ወጡለት። ከስቴንለሱ ላሜራ ጋር የበየድኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ካቢኑ ባለቀ ቀን ከሰዓት በኋላ ፋኑን ከፈትነው። አብዱረሂም በብሩሽ የሳሙና ውሃ እያጠቀሰ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ቀባ። አየር የሚያሾልክ ቦታ ካለ አረፋ ይሠራል። ግራው ደህና ነበር። ከቀኙ ቀለበት ሥር ግን አንዲት ትንሽ አረፋ አበጠች፣ ፈነዳች፣ ሌላ ተተካች።

«ቦጋለ፣ እያሾለከ ነው» አለኝ።

ብየዳው የኔ ነበር። ስቸኩል ስሱን ላሜራ አቃጥዬዋለሁ። በደንብ ይሠራ ከተባለ ፕላስቲኩ ይፈታል፣ ቦታው ይሞረዳል፣ እንደገና ይበየዳል። ሙሉ ቀን ነው። የክሊኒኩ መኪና ደግሞ በር ላይ ቆሟል፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መንገድ ዝግ ስለሆነ ሾፌሩ ሰዓቱን ያያል። ሙዲሩ መጥቶ አየና «በሲሊኮን ድፈነው፣ በቃ፣ ኸላስ!» ብሎኝ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

አብዱረሂም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲሊኮን አይቆይም። እጇን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ጓንቱ እዚያ ጋ ይጎትታል። ፋኑ እስከሠራ ድረስ አየሩ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ግድ የለም። ፋኑ ከቆመ ግን የታካሚው ትንፋሽ በዚያች ቀዳዳ ይገባል።» ብሩሹን አስቀመጠና፣ «እዚያ የምትቆመው እህትህ ናት እኮ» አለኝ።

አውቃለሁ። ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ግን ወደ ቢሮው ገብቼ «ሥራዬ ተበላሽቷል፣ አንድ ቀን ስጡኝ» ማለት አቃተኝ። ሻንጣ የጎተቱት ሁለቱ ሰዎች ዓይኔ ላይ ነበሩ። ፈራሁ፣ ጽዮን። ሌላ ስም ልሰጠው ፈልጌ አጣሁለት። ሲሊኮኑን ቀባሁ፣ በጣቴ አለሰለስኩት፣ «ተፈትሿል» በሚለው ወረቀት ላይም ፈረምኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወልሽ። ድምፅሽ ደስ ብሎት ነበር። «ቦጌ፣ ሁሉም ማን ሠራው ይሉኛል። ወንድሜ እላቸዋለሁ! እዚያ ውስጥ ስገባ ፍርሃቴ ሁሉ ይለቀኛል» አልሽኝ። ከዚያ እየሳቅሽ፣ «ፋኑ ብቻ ነው የሚጮኸው። ታካሚዎቹ የምንላቸውን አልሰማ ሲሉን አንዳንዴ እናጠፋዋለን» አልሽ።

«አታጥፉት» አልኩሽ።

«ለምን?»

ያኔ ነበር መናገር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። «እንዲሁ… እንዳይሞቃችሁ ብዬ» አልኩሽ። «እሺ ጋሼ፣ ለኛ ሙቀት አንተ አትጨነቅ» ብለሽ ስቀሽብኝ ዘጋሽው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኬ ሲጠራ ሥራዬን ጥዬ አነሳው ነበር። ስታወሪኝ ወሬሽን አልሰማም፤ የምሰማው ትንፋሽሽን ነው። ጉሮሮሽን ከጠረግሽ ቀኑን ሙሉ ብየዳዬ ይጣመማል። ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። ነገ ሲመጣ፣ ብነግራት ለአለቃዋ ትናገራለች፣ ክሊኒኩ ለሙዲሩ ይደውላል፣ እያልኩ አሰላና ዝም እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ፣ ግንቦት ሊያልቅ አካባቢ፣ መልእክት ላክሽልኝ። «ፖዘቲቭ ነኝ። አትጨነቅ። ጌታ አለ።» ብደውል አታነሺም።

በማግስቱ ከማክሰኞ ጀምሮ በአል ዓይንና በአቡ ዳቢ መካከል መንቀሳቀስ እንደሚከለከል ተነገረ። ወዲያው ለሜሮን ደወልኩላት። ክፍልሽንም ሥራሽንም የምትጋራሽ እሷ ስለሆነች ወሬሽን ከሌላ ሰው አላገኝም ነበር።

«ኦክስጅን ላይ ናት፣ ወንድም ቦጋለ። ጸልይ» አለችኝ። «አሁን ልዘጋው፣ የሷን ተራ ይዣለሁ።»

«የት ነው የምትገቢው?»

«ካቢኑ ውስጥ ነዋ» አለችና ዘጋችው። መልሼ ብደውል አላነሳችም።

አብዱረሂም ጋ ሮጥኩ። ምንም አልወቀሰኝም። ቶርኖውን አስነስቶ እስኪመሽ ሰፊ ከንፈር ያለው አዲስ ቀለበት አወጣ፤ ብየዳ የማይፈልግ፣ ከሥሩ ጎማ ገብቶ በቡሎን የሚታሰር። እንዲህ ያለውን መጀመሪያውኑ ልናስበው ይገባ ነበር። ሰኞ ጠዋት ለሙዲሩ «ዕቃ ልናደርስ ነው» ብለን የወርክሾፑን ፒካፕ ይዘን ወጣን።

መንገዱን እንዴት ልንገርሽ። ኬላው ላይ ፖሊሱ መለኪያውን ወደ ግንባሬ ሲያመጣ ከፍርሃቴ የተነሣ ሰውነቴ እሳት ሆኖ ነበር። ትኩሳት አለህ ብሎ ቢያስቀረኝ ሜሮን እዚያው ውስጥ እንደቆመች ትቀራለች። ፖሊሱ ቁጥሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እጁን አወናጭፎ አሳለፈን።

የክሊኒኩ ጓሮ ስንደርስ ማስክ ያደረጉ ሠራተኞች ተራርቀው ተሰልፈዋል። ሜሮን ካቢኑ ውስጥ ናት። ከፊቷ አንድ ሽማግሌ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። ፋኑ ድምፅ የለውም። ፕላስቲኩን በጡጫዬ መታሁት።

«ሜሮን፣ ውጪ!»

«ምን ሆነሃል? ሰው እየመረመርኩ እኮ ነው!»

«ውጪ አልኩሽ!»

ወጣች። ሲሊኮኑ ተላቆ እንደ ተላጠ ቆዳ ተንጠልጥሎ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ አረፋውን፣ ሙዲሩን፣ ፊርማዬን። ጓንቷን እያወለቀች አዳመጠችኝ።

«ጽዮን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ለአለቃችን አሁን ሄጄ እነግራታለሁ። ለጽዮን የምትነግራት ግን አንተ ነህ። እኔ አልነግርልህም» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

ሜሮን ቃሏን ጠብቃለች። አትቆጫት።

ቀለበቱን ለመቀየር ሦስት ሰዓት ፈጀብን። አብዱረሂም ፋኑን ፈቶ ከሥሩ ጎማ ሲያነጥፍበት ጩኸቱ ጠፋ፤ አጠገቡ ቆሞ ማውራት ይቻላል። ይህ አስር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር። በሳሙና ፈተሽነው፣ አንድም አረፋ አልወጣም። ከዚያ የተኛሽበት ሆስፒታል ሄድን፤ መግባት ክልክል ነው። መንገድ ተሻግሬ ከፀሐዩ ሥር ቆሜ መስኮቶቹን አየሁ። የትኛው ያንቺ እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም። አብዱረሂም «ሳይዘጋብን እንሂድ» ብሎ ክንዴን እስኪይዘኝ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ለሙዲሩ ራሴ ነገርኩት። የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ እንደሚሰርዘው እርግጠኛ ስለነበርኩ ልብሴን አጣጥፌ ነበር የሄድኩት። «ያኔ አንድ ቀን ብትለኝ ደውዬ አስጠብቃቸው ነበር። የቀዳዳውን ነገር ማን ነገረኝ? ለውበቱ መስሎኝ ነው ድፈነው ያልኩህ» አለኝ። እውነቱን ይሁን ለራሱ ይሁን አላውቅም። ግን አላባረረኝም። ያን ሁሉ የፈራሁት ነገር አልሆነም፤ ያልፈራሁ መስዬ ያለፍኩት ነው የሆነው።

አሥራ አንድ ቀን በኦክስጅን ቆየሽ። ስትወጪ ሐኪሙ በሽታው ከየት እንደያዘሽ ማወቅ አይቻልም ብሎሻል፤ ከአውቶቡስ ይሁን፣ ከገበያ ይሁን። ከዚያች ቀዳዳም ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። የአል ሙሽሪፍ ቤተ ክርስቲያናችሁ ተዘግቶ በዙም ስትሰበሰቡ እኔም ባለሁበት ምስክርነት ሰጠሽ፤ «የወንድሜ ካቢን ባይኖር በመጀመሪያው ሳምንት እሞት ነበር» አልሽ። ሁሉም አሜን አለ። እኔ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ ወጣሁ። አሁን ወደ አገር ቤት ተመልሰሽ ሐዋሳ ሆነሽ ደረጃ እየወጣሽ ስትደውዪልኝ፣ ቃሉን መሃል ላይ ቆርጠሽ ትተነፍሻለሽ። ያንን ትንፋሽ ምንም ሳልል አዳምጠዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የምትሠሪበት ሆስፒታል እንደዚያ ያለ ካቢን ሊያሠራ ነው፣ ኢዩኤል የሚባል በያጅ አግኝተናል፣ ስዕሉን ላክልኝ አልሽኝ። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልችልም።

ስዕሉ ከደብዳቤው ጋር አለ፤ አዲሱ ቀለበትና የፋኑ ጎማ በቀይ ተሠምሮባቸዋል። ለኢዩኤል ስዕሉን ከመስጠትሽ በፊት ግን ይህን ደብዳቤ አንብቢለት። በሳሙና ይፈትሸው። አረፋ ካየ ማንንም ሳይፈራ ይናገር፤ እናንተም ቀን ስጡት።

ይቅር በዪኝ ብዬሻለሁ፤ ቶሎ መልሽልኝ ግን አልልሽም። ስልኩ ቢጠራም እፈራለሁ፣ ባይጠራም እፈራለሁ። ስዕሉን ማን ሠራው ብሎ ኢዩኤል ከጠየቀሽ፣ ወንድሜ ነው በዪው፤ ወይም አትበዪው። እሱን ላንቺ ትቼዋለሁ።

ፈርቶ ዝም ያለው ወንድምሽ፣
ቦጋለ