ሳይተረጎም የቀረው ትኩሳት

የካቲት 2፤ ከጠዋቱ 1፡30፤ ጎባ

መርፌ እየቀቀልን ነው። ሃያ ደቂቃ። ሰዓቱን የያዙት ጋሽ በቀለ ናቸው፤ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይምሩም። የሆስፒታሉ አንጋፋ ድሬሰር። እኔ ሳልወለድ መርፌ ይወጉ ነበር፤ ይህንንም በቀን ሁለቴ ያስታውሱኛል። አምስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪነቴ እሳቸው ዘንድ ብዙ አያስከብርም።

ዛሬ ወደ ላይ፣ ገበሬው አምና ወደተሰበሰበበት አዲስ መንደር እንወጣለን። ለኩፍኝ ክትባት። በፈረስ! አባቴ ቢያየኝ። አውቶቡስ ስሳፈር እንኳ እጄን የሚይዘኝ ሰው።

ከቀኑ 11 ሰዓት

ተመልሰናል። መቀመጥ አልችልም፤ ቆሜ ነው የምጽፈው።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከአውራጃ የመጣውን ደብዳቤ አንብቦ ለሕዝቡ ያወጀው ‹‹ክታብ ይሰጣል›› ብሎ ኖሯል። ሴቱ ሁሉ ክታቡን የሚሰፋበት ቁራጭ ቆዳና ክር ይዞ ተሰልፏል! መርፌውን ሲያዩ የሆኑትን አትጠይቀኝ፣ ደብተሬ። ጋሽ በቀለ ግን ቅንጣት አልደነገጡም። ይኼኛው የሚንጠለጠለው ከቆዳ በታች ነው አሏቸው በኦሮምኛ። ሳቅ በሳቅ። እኔ ከተተረጎመልኝ በኋላ፣ ሁሉም ሲጨርስ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ ‹‹ማስተማር›› ጀመርኩ። ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ልጁን ትኩሳት ሊይዘው ይችላል፤ ሽፍታም ሊወጣበት ይችላል፤ አትደንግጡ፣ አጥቡት፤ ካልጠባ ወይ ከበረታበት ወደ እኛ አምጡት። ረጅም ንግግር። የጋሽ በቀለ ትርጉም አራት ቃል።

ጎባ ቅቤ እያወረደች የምትሸጥ እናት አለች፤ ሞሚና። አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ልጇን ከድርን ታቅፋ ጠጋ አለችኝ።

‹‹ዶክተር፣ ሰውዬው ‹ምንም አይሆንም› ነው ያለን። አንቺ ብዙ ተናገርሽ። የቀረውን ንገሪኝ።››

አምና ኩፍኝ አንድ ልጅ ወስዶባታል። ይኼን ደግሞ በመርፌ እንዳታጣው ፈርታለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ እሷም ለሴቶቹ ተናገረች። የሰልፉ ግማሽ ተበተነ። ሞሚና ቆማ ቀረች። ቢስሚላሂ ብላ የከድርን ክንድ ገለጠችልኝ። አገር ይያዝልኝ ብሎ ጮኸ።

የካቲት 3

ጋሽ በቀለ አኩርፈዋል። ትኩሳቱን የዘለሉት ለመዋሸት ሳይሆን ሰው እንዳይሸሽ ነው። በስንት ልፋት የሰበሰቡትን ሕዝብ በአንድ ዓረፍተ ነገር በተንኩት። እውነታቸውን ነው። አንጀቴ ያረረው ለተመለሱት ልጆች ነው።

ግን እኔም እውነቴን ነው። መርፌው ንጹሕ፣ ክትባቱ ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ እሱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ሳይነገራት ልጇ የሚግልባት እናት ናት። ሁለተኛ ደጃችንን አትረግጥም። ይኼን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ደስ ብሎኝ ለጋሽ በቀለ ሁለቴ ነገርኳቸው። እሺ ፕሮፌሰር አሉኝ።

የካቲት 9

ሰባተኛ ቀን። ከድር ግሎ ይሆን? አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም። ባይግል ደስ ይለኛል። ቢግል ደግሞ ‹ልጅቷ ነግራን ነበር› ይላሉ... ምን ዓይነት ጸሎት ነው ይኼ? የሕፃን ትኩሳት የሚያስመኝ ሙያ ያዝኩ እንዴ?

የካቲት 11

የገበያ ቀን። ቅቤ ተራውን ሦስቴ ዞርኩት። ሞሚና አልወረደችም። ምሳ አልበላሁም።

የካቲት 13

የሆስፒታሉ በር ላይ ፈረስ ቆሟል። የሞሚና ባል። ብቻውን። ልጅ አልያዘም።

አማርኛ አይችልም። ‹‹ነጋ?›› አልኩት፣ ሰላም ነው ለማለት፤ ሌላ ኦሮምኛ የለኝም። ‹‹ነጋ›› አለኝና ወደ ጋሽ በቀለ ዞረ። ያወራል። ያወራል። ጋሽ በቀለ ይሰማሉ። እኔ ግድግዳ ይዣለሁ።

በመጨረሻ ጋሽ በቀለ ተረጎሙልኝ፤ ከድር በስምንተኛው ቀን ጋለ። ሽፍታም ወጣበት። ሞሚና ተበትነው የነበሩትን እናቶች ቤት ለቤት ጠርታ፣ ኑ እዩ፣ ልጅቷ ባለችው ቀን መጣ ብላ አሳየቻቸው። ትናንት ለቀቀው፤ ዛሬ የእናቱን ጡት እየነከሰ ነው። ባልየው የመጣው፣ ሴቶቹ መቼ ትመለሳላችሁ ስላሉ ነው።

አለቀስኩ። በሰው ፊት። ባልየው ደንግጦ ጋሽ በቀለን ምን ብለህ ተረጎምክላት ብሎ ያዛቸው።

የካቲት 14፤ ከጠዋቱ 12፡40

ዛሬ እንወጣለን። ጋሽ በቀለ ከትናንት ጀምሮ እያስጠኑኝ ነው። ‹‹ቃምኒ ኒ ሆኣ፣ ሂንሶዳቲና።›› ሰውነቱ ይሞቃል፣ አትፍሩ። አነጋገሬ ፈረስ ያስደነግጣል ይላሉ። ልተርጉምልሽ ቢሉኝም እንቢ ብያለሁ። ሌላውን እሳቸው ይናገሩ። ትኩሳቱን የምናገረው እኔ ነኝ፣ በእናቶቹ ቋንቋ። ስሳሳት ይሳቁብኝ፤ ብቻ ይስሙት።