የአፍ ወለምታ

ጎረቤላ፣ አንኮበር
ኅዳር 16 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለልጄ ለኃይለ ገብርኤል ወርቅአገኘሁ፣
ጃፓን አገር፣ ቶክዮ።

ከአንኮበር ተነሥቶ ጃፓን የሚደርስ ደብዳቤ በገዛ እጁ የጻፈ ሰው፣ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ከአባትህ በቀር የለም። እሺ፣ የቄስ ገብረአብ ልጅ አንድ ጊዜ ጽፎልሃል፤ እሱ ግን በልጅነቱ ስለተማረ አይቆጠርም። እኔ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደልን ከነዘሯ በሳምንት ጨረስኳት። እሺ፣ ስምንት ወር ነው የፈጀብኝ። ቢሆንም አብረውኝ የጀመሩት ገና እየቆጠሩ ናቸው።

እስካሁን የሚጽፉልንም የሚያነቡልንም መሪጌታ ወልደተንሣኤ ነበሩ። መማሬን የደበቅኩህ ድንገት ጽፌ ላስደንቅህ ብዬ ነው። የተደነቅኩት ግን እኔው ሆንኩ። ስለዚህ ለጤናህ እንደምን ነህ ብዬ አልጠይቅህም። አውቄዋለሁ።

የመጨረሻው ደብዳቤህ የደረሰ ዕለት፣ ከደብረ ብርሃን ያመጣው ሾፌር «ለመሪጌታ ልስጥልዎ?» ቢለኝ «ምን ሲደረግ» አልኩት። ገበያው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየኝ፣ ጣቴን እያስከተልኩ አነበብኩ። ሰላምታው ደስ ይላል። ስለ ባቡሩ የጻፍከው ደስ ይላል። ከፊርማህ በታች ደግሞ አሳንሰህ የጻፍካት አለች።

«ለመሪጌታ ብቻ። ይህችን እንደ ልማድዎ ለአባቴና ለእናቴ አያንብቡ። ቀኝ ጉልበቴ ከነሐሴ ጀምሮ ተጎድቷል። ሐኪሙ ጅማቱ ተበጥሷል፣ ስድስት ወር ከትግል ራቅ፣ አለዚያ ዕድሜ ልክህን ታነክሳለህ ብሎኛል። ለአሠልጣኜ አልነገርኩትም። በፋሻ ጠፍሬ በየቀኑ እታገላለሁ። የጁዶው የጥቁር ቀበቶ ፈተና የካቲት ላይ ነው። ባዶ እጄን ብገባ አባቴ በአገሩ ሰው ፊት እንዴት ይቆማል?»

ሁለት ጊዜ አነበብኳት። የማታው አስተማሪያችን ያልገባችሁን ደግማችሁ አንብቡ ይለናል። ገብታኝ ነበር፤ ሌላ ነገር ትሆን እንደሆን ብዬ ነው የደገምኳት።

ወደ መሪጌታ ሄድኩ።

«መሪጌታ፣ ‹እንደ ልማድዎ› ማለት ምን ማለት ነው?»

ዳዊታቸውን አጠፉ። «ማንበብ ቻልክ ማለት ነው» አሉኝ።

«ስንተኛው ነው?»

«ሦስተኛው። ፊት ትከሻው፣ ቀጥሎ የጎድን አጥንቱ።»

«እኔ ወጌሻ ሆኜ፣ የልጄን አጥንት ከእኔ ይደብቃሉ?»

«አደራ ነው። አትንገር ያለኝን ልንገር? ደግሞስ ብነግርህ ምን ልታደርግ ኖሯል፣ ቅቤህን ይዘህ ባሕር ልትሻገር?»

ረቱኝ፤ ተነሥቼ ወጣሁ። ይህን ለማንም እንዳትናገር።

ማታ ለእናትህ ለወለተሐና ደብዳቤውን አነበብኩላት። ፊርማህ ጋ ስደርስ አቆምኩ። እንግዲህ እኔም መሪጌታ ሆንኩ ማለት ነው። እሷ ግን ወረቀቱን አይደለም የምታየው፤ እኔን ነው። ለካ እጄ ሳላውቀው የገዛ ጉልበቴን ታሽ ኖሯል።

«ቀኙን ነው?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለ ጁዶ የሚያወራ የለም።

አሁን የምጠይቅህን አንድ ባንድ መልስልኝ። የሚያምህ ደረጃ ስትወጣ ነው ስትወርድ? ስትዞር ይከዳሃል? ጠዋት ስትነሣ ያብጣል ወይስ ከታገልክ በኋላ? ስታጥፈው ድምፅ ይሰማል? በእነዚህ እጆች ከጎረቤላ እስከ አሊዩ አምባ ያልጠገንኩት እግር የለም፤ የበቅሎውንም ጨምር። ስብራት ቢሆን፣ ውልቃት ቢሆን፣ ከዚህ ሆኜም ምን እንደሚደረግ እጽፍልህ ነበር። የተበጠሰ ጅማት ግን፣ ለአንተ ብቻ ልንገርህ፣ አንድም ቀን አድኜ አላውቅም። ሰውየውን አስሬ አስቀምጠዋለሁ። የሚድነውን እግዚአብሔር ያድነዋል፤ ምስጋናውን እኔ እቀበላለሁ።

የአሊዩ አምባውን ዓወልን ታስታውሰዋለህ፣ ግመል እየነዳ ጨው የሚያመጣውን። ቁልቁለቱ ላይ ወድቆ እንዳንተው ጉልበቱን ጎዳ። አርባ ቀን ተቀመጥ አልኩት። በዘጠነኛው ቀን ገበያ ቀረብኝ ብሎ ፋሻውን ፈታ። ባለፈው ወርጄ አገኘሁት፤ በር ላይ ተቀምጦ ወንድሞቹ ሲጭኑ ያያል። ያንተን ብነግረው ጉልበቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«ጋሽ ወርቅአገኘሁ፣ እኔን ጻፍለት» አለኝ። «አርባ ቀን አልቀመጥም ብሎ ዕድሜ ልኩን ተቀመጠ በለው። ወላሂ፣ ያቺ ገበያ ምን እንደተሸጠባት እንኳ አላስታውስም።»

ይኸው ጻፍኩልህ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። መሥሪያ ቤትህ ጁዶ ተምረህ ፖሊሶቹን እንድታስተምር ሲልክህ፣ በመጀመሪያው ደብዳቤህ «ሦስት ወር ሙሉ አወዳደቅ ብቻ አስተማሩኝ» አልከን። እኔ ለአገሩ ሳወራ «ልጄ ሦስት ወር ሙሉ ጃፓኖቹን ሲጥል ከረመ» አልኩ። ሰው ሲደሰት አይቼ ሰባት ጃፓናዊ በአንድ ቀን ጣለ አልኩ። ያ ወሬ እየዞረ አንተ ጆሮ እንደሚደርስ፣ ደርሶም ጉልበትህ ላይ እንደሚቀመጥ አላሰብኩም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል የሙያዬ ተረት ነው ብዬ እኮራበት ነበር። ለእኔ የተተረተ አይመስለኝም ነበር።

ስለዚህ በኅዳር ሚካኤል፣ በማኅበራችን፣ ጠላው እንደዞረ ተነሣሁ። «ስሙኝ፤ ልጄ ጉልበቱን ተጎድቷል። ሰባት ሰው የጣለው የእኔ ምላስ ነው። ቀበቶውን ያዘም አልያዘም ልጄ ነው» አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። ገብረ ሕይወት፣ ያ ነገረኛ፣ «እኛማ ሰባቱን ገና ድሮ ወደ ሁለት አውርደነዋል። ብቻ በደህና ይግባልን» አለ። እንግዲህ የአባቴ ፊት ብለህ የምትታገልለት ነገር የለም፤ ወርዷል።

ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ማግስት አሠልጣኝህ ፊት ቀርበህ ጉልበትህን ግለጥለት። በቋንቋቸው የሚባለው ቢጠፋህ ፋሻውን ፍታና አሳየው፤ እብጠት አስተርጓሚ አይፈልግም። ስድስት ወር ተቀመጥ ካሉህ ተቀመጥ። ተመለስ ካሉህ ና። እኔና እናትህ በሁለት እግሩ የሚራመድ ልጅ ነው የላክነው፤ እሱኑ ነው የምንፈልገው። መልሱን ስትጽፍ ለመሪጌታ ብቻ የምትል ነገር አትጨምር፤ ከእንግዲህ እኔ አነባታለሁ።

እናትህ እየሰገደችልህ ነው፤ ላንተም ለዓወልም ጉልበት ትሰግዳለች። እመ አምላክ በተኛህበት ትጠብቅህ። በሄድክበት እግር ትመልስህ። አሜን።

አባትህ
ወርቅአገኘሁ ገብረመንፈስቅዱስ
(በገዛ እጄ)

ላሽገው ስል እጄ እንቢ አለኝ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንዲት የፈጠርኳት አለች፤ የማኅበሩ ነገር። መነሣቱንስ ተነሥቻለሁ። ጽዋዬን ይዤ ቆምኩ፤ ሁሉም አየኝ፤ ቃሉም አፌ ላይ ነበር። ገብረ ሕይወት ቀደመኝና «ልጅህ አሁንስ የጣለው ስንት ደረሰለት?» አለኝ።

ዘጠኝ አልኩትና ተቀመጥኩ።